በባቲና በትዝታ መሃል

«ጊታር ፉከራ አያውቅም» አሉ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ የሙሽሪት አባት። ጊታር ተጫዋቿን ጤናዬን ለልጃቸው ሠርግ ሊያነጋግሩ ከዳባት ደባርቅ ድረስ በሚኒባስ መጥተው፣ ሻይ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ነው እንዲህ ያሏት። «አዝማሪ ብጠራ ማሲንቆው ሽለላ ያነሳል። ሽለላ ከተነሳ ወንዱ ይነሳል፤ ወንዱ ከተነሳ መሣሪያው ይነሳል። ያንቺ ግን የፈረንጅ ነገር ነው፤ ማንንም አይቆረቁር። ሠርጌ በሰላም እንዲያልቅልኝ ነው አንቺን የመረጥሁ።»

ጤናዬ ብርጭቆዋን ቁጭ አደረገች። ሰው በእጁ ሙያ ሲመረጥ ደስ ይለዋል፤ እሷ የተመረጠችው ጥርሱ እንዳለቀ ውሻ ነበር።

«እሺ አባባ» አለች። «ማንንም እንዳልቆረቁር እጠነቀቃለሁ።»

ሽማግሌው ሽሙጡን አልሰሙትም፤ ወይም ሰምተው አለፉት። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ለሽሙጥ ጊዜ የለውም። የእሳቸው ጭንቅ ደግሞ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ባለፈው ወር፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ባለች መንደር በሌላ ሠርግ ላይ፣ የዚያ ሙሽራ አጎት ለክብር ብሎ ወደ ሰማይ ተኮሰ። በዚህ ሰሞን ጥይት ሲጮህ «ማን ተኮሰ? ለምን ተኮሰ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮረብታውን ከያዙት ታጣቂዎች መልስ መጣ፤ መልሱም ዳሱ ላይ አረፈ። ሙሽራዋን ሊያጅቡ የመጡ ሚዜዎች በቃሬዛ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ያገሩ ሽማግሌዎች በሠርግ ላይ ላይተኮስ፣ ሽለላም ላይነሳ ተማምለዋል።

ጤናዬ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የቆጫት «አያውቅም» የምትለዋ ቃል ናት።

ጊታርን ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ጊታሩ ወደ ተራራው የወጣ አንድ ፈረንጅ ለበቅሎ ጫኚው አባቷ ጥሎላቸው የሄደ ነው። ትምህርቱ ደግሞ በስልኳ ላይ ያለ አንድ ቪዲዮ ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹ። ብሉዝ ስኬል የሚባለውን የፈረንጅ ቅኝት ለሶሎ፣ ለብቻ ጨዋታ፣ እንዴት እንደሚያሰፉት የሚያሳይ ነበር። ሰውየው ጣቱን አንስቶ «አሁን ዋናው ነገር» ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ዋናውን ነገር ራሷ ፈልጋ አገኘችው። ብሉዝ የሚሉት እንግዳ ባቲ ማይነር ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ያው አምስቱ ድምፅ፣ በፈረንጅ የሰባት ድምፅ ቆጠራ በአራተኛውና በአምስተኛው መሃል አንዲት የምታነክስ ድምፅ ገብታበት። አስፍተው የሚጫወቱት ሰዎች ደግሞ መነሻቸውን ሳይለቁ ሦስት ድምፅ ይጨምራሉ፤ ሦስቱም የትዝታ ሜጀር ናቸው። ሁለት ቅኝት በአንድ ጊታር አንገት ላይ።

ይህን ያገኘች ቀን ለደርቤ ነገረችው። ደርቤ ኪቦርድ ተጫዋቿ ነው፤ ከሥራ ይልቅ ለወሬ ይፈጥናል።

«ይሄማ ቅኝት መደባለቅ ነው» አላት። «አዝማሪ ቢሰማሽ በማሲንቆው ደጋን ይገርፍሽ ነበር።»

«አዝማሪው ደጋኑን ይያዝ። እኔ ስኬሉን አሰፋሁት እንጂ ማንንም ከትዳሩ አላፋታሁም።»

የሠርጉ ዕለት ጥር የጥርነቱን ነፋስ ይዞ ወጣ። ዳሱ ከቤቱ በታች፣ የገብስ አጨዳው ባለቀበት ማሳ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ ሸራ ለብሷል። ሸራው አልበቃ ብሎ በአንድ በኩል ክፍት ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ክፍት ኮረብታው ይታያል። አናቱ ላይ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በላይ አንዳንዴ ብቅ የሚል የሰው ራስ። ጤናዬ ጊታሯን ስታስተካክል ጀርባዋን ለዚያ ክፍት ሰጥታ ቆመች፤ ወዲያው ደግሞ ጀርባዋን ቀዘቀዛትና ዞረች። ፊት ለፊት ማየቱም አላስቻላት። መጨረሻ ላይ በጎኗ ቆመች።

በር ላይ የቆሙት የቤቱ ሰዎች መሣሪያ የያዘውን እንግዳ ሁሉ «ጓዳ ያኑሩት፣ ወንድም፣ ሲሄዱ ይወስዱታል» እያሉ ይቀበሉ ነበር። ሁሉም እሺ ብሎ አኖረ። አንድ ሰው ብቻ ዘግይቶ ደረሰ፤ እንዳለው የሚባል የአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ታናሽ ወንድም። ከጃናሞራ በእግሩ ወርዶ፣ ወፍራም ጋቢ ደራርቦ ነበር። የሙሽሪት አጎት ነውና ማንም አልዳበሰውም፤ ተሳሳሙ፣ ወደፊት አስቀመጡት። ሲቀመጥ ጋቢው በአንድ በኩል አልታጠፍ አለ።

ደርቤ ዓይኑን ከኪቦርዱ ሳያነሳ «ጤኒ» አለ። «ያ ጋቢ አጥንት አለው።»

«ዝም በል።»

«ዝም እላለሁ። እዚህ አገር ዝም ብሎ የሞተ የለም መቼስ።»

ለአባትየው መንገር ነበረባት። ይህን እያወቀች ጣቷ ክሩ ላይ ሄደ። ዳሱ ውስጥ የሰው ራስ እንደ ሽንብራ ተዘርቶ ሁሉም ያኝካል፤ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ ስትናገር በግልጽ ተሰማት።

«ይቺ ልጅ ጀምራለች ወይስ ገና እያስተካከለች ነው?»

ጎረቤትየዋ ሳቀች። ያ ሳቅ ጤናዬን አናቷ ላይ ወጣባት። ድምፁን ከፍ አደረገችና ሶሎ ውስጥ ገባች። በባቲ አምስት ድምፆች ሽቅብ ወጣች፤ የምታነክሰውን ድምፅ ከታች ነካ አድርጋ አለፈቻት፤ ተመልሳ መጣች፤ ቀጥሎ ክሩን በሁለት ጣት ወደ ላይ ስባ እዚያችው ድምፅ ላይ ያዘችው። ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ነገር የፈረንጅ አልነበረም። ቀራሪ ትንፋሹን ሰብስቦ ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው አፋፍ የሚለቀው ያ ረጅም ጩኸት ነበር።

ዳሱ ማኘኩን አቆመ።

የሰዎቹ ፊት ወደ እሷ ዞረ፤ አዎ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ለአንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ከፊተኛው ረድፍ እንዳለው ጋቢውን ወዲያ ጥሎ ተነሳ። ክላሹ በደረቱ ላይ ነበር።

«ዘራፍ!» አለ።

ጤናዬ ክሩን አልለቀቀችም።

«ዘራፍ፣ የሃብቴ ወንድም፣ የልደቱ ወንድም፤
ከሰው ፊት አይሸሽም፣ ከውርጭ ፊት አይበርድም!»

ከኋላ አንድ ሰው ልማድ አሸንፎት «በለው!» አለና፣ የተናገረውን ራሱ ሰምቶ አፉን በእጁ ያዘ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«እንዳለው፣ ወንድሜ፣ ምለናል እኮ። ባባታችን አጥንት ምለናል።»

እንዳለው አልሰማቸውም። ዓይኑ ክፍት ነው፣ የሚያየው ግን ዳሱን አልነበረም። በዳስ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መንጎራደድ ጀመረ፤ ከእግሩ ሥር ሕፃናት ተጎተቱ። አቀባበለው። ያ የብረት ድምፅ ከጊታሩ በላይ ተሰማ።

«አቁሚ» አለ ደርቤ፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ካቆምሁ ይገድለኛል።»

ይህን ደርቤም ያውቃል። ፎካሪን መሃል ላይ ጥሎ ዝም ማለት በአደባባይ «ውሸታም» ብሎ ፊቱን መምታት ነው። አጃቢ እስከ ጫፍ አብሮ ይወጣል። ጫፉ ላይ ፉከራው የሚታሰረው ደግሞ በጥይት ነው። ማቆም አትችልም፤ መቀጠልም አትችልም። ሁልጊዜ ሠርግ መሃል ድርግም የሚለው የዳባት መብራት ዛሬ፣ ሁሉም እንዲጠፋ እየተሳለለት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቀስ አለች። የሳበችውን ክር አላልታ ወደ ታችኞቹ ድምፆች ወረደች፤ ይበርድ ይሆናል ብላ። ስሕተት ነበር። አጃቢ ዝቅ ሲል ለፎካሪው ቦታ መልቀቁ ነውና፣ እንዳለው የተለቀቀለትን ቦታ በድምፁ ሞላው። አፈሙዙ ወደ ሸራው ቀና አለ። ጣቱን አየችው፤ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ የገበሬ ጣት፣ በምላጩ ላይ ያረፈ። በጎኗ በኩል ኮረብታው ላይ የነበረው አንድ ራስ ሁለት ሆነ። ሙዚቃው ቆሞ ሳይሆን ዳሱ ጸጥ በማለቱ ነው መሰል፣ ወደዚህ ያያሉ።

ከባቲ መውጣት አለባት። ሌላ ነገር አልታሰባትም። መነሻዋን ሳትለቅ ጣቷን አንዲቱን የአንገት ብረት፣ ፍሬቷን፣ አሳለፈችና ሦስተኛዋን ድምፅ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ አወጣቻት፤ ሁለተኛዋን ጨመረች፤ ስድስተኛዋን ጨመረች። ፉከራው ከሥሩ እንደ አሸዋ ተናደ፤ በቦታው ትዝታ ቆመ።

እንዳለው ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ተራመደ፣ ቆመ። አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ፤ ከሸራው ወደ ሰው ትከሻ፣ ከሰው ትከሻ ወደ መሬት። ዳሱ የያዘውን ትንፋሽ ሊለቅ ጀመረ። ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ «ተመስገን» ስትል ጤናዬ ከንፈሯን አየች።

ያን ጊዜ እንዳለው አለቀሰ። ያለ ድምፅ፣ ፊቱ ሳይጨማደድ፣ እንባው ብቻ እየወረደ። ዞሮ ጤናዬን አያት።

«ልደቱን ማን ነገረሽ?» አለ።

«ማንም አልነገረኝም ጋሼ።»

«ይቺን ነበር የሚያፏጫት። ከብት ስንመልስ፣ ይቺኑ።» ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። ሸራው ያልደረሰበትን ክፍት አየ፤ ኮረብታውን አየ። ልደቱ የመካከለኛው ወንድማቸው ነው፤ አምና በዚያ በኩል ሲያልፍ ታይቶ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። «ያ ነው የበላው። እኔ እዚህ ጠላ እጠጣለሁ፣ የበላው እዚያ ቆሞ ያየኛል።»

አፈሙዙ እንደገና ተነሳ። አሁን ወደ ሸራው አልነበረም።

ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት ቢያንስ ዓላማ የለውም። ጤናዬ እንዲያ የምትኮራባቸው ሁለት መንገዶች ሁለቱም እዚያው አፈሙዝ ላይ አደረሷት፤ ባቲው ያስፎክረዋል፣ ትዝታው ያስታውሰዋል። ሙሽራዋ ሕሊና የቬሏን ጫፍ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። እሷ እንኳ የምትሄድበት ጸሎት አላት።

«ደርቤ» አለች ጤናዬ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ሦስተኛዋን ከኮርድህ አውጣት።»

«ምን?»

«ሐዘንም ደስታም እንዳይሆን። ባዶ አርገው።»

ደርቤ ጣቱን አነሳ። ከታች ሁለት ድምፅ ብቻ ቀሩ፤ መነሻዋና አምስተኛዋ፣ ወለሉ እንጂ ግድግዳ የሌለው ቤት። ጤናዬ የባቲዋን ሦስተኛ ድምፅ ይዛ ወደ ትዝታዋ ሳበቻት፣ ግን አላደረሰቻትም። በመሃል አቆመቻት። ከአንዱ ወጥታ ሌላው ያልገባች፣ በየትኛውም ቅኝት ስም የሌላት ድምፅ። እንዳለው ጆሮው ቀና አለ። ድምፅዋ ወደ ትዝታ ትወድቃለች ብሎ ሲጠብቅ ወደምታነክሰዋ ዘለለች፤ አሁን ልትፎክር ነው ሲል በስድስተኛዋ በኩል ወረደች፤ ቤቷ ልትገባ ደጃፉ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ቤት መግባት የለም። መነሻው ላይ ካረፈች ዜማው ወይ ባቲ ይሆናል ወይ ትዝታ ይሆናል፤ ሁለቱም ሞት ነው። የግራ እጇ ጣቶች ሳቡ፣ ገፉ፣ ሸሹ። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገችውም። ኮረብታው ላይ ስንት ራስ እንዳለ ላለማየት አንገቷን አደነደነች።

እንዳለው መሣሪያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆመ። ግንባሩ ተቋጠረ። አንድ እግሩን አነሳ፤ ለምን እንዳነሳው ጠፋበትና መልሶ አኖረው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

ወደ ጤናዬ ዞረ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አንቺ ልጅ? ይለቀስበታል ወይስ ይፎከርበታል?»

የጤናዬ ጣት ብቻ መለሰ፤ ከመንገዱ አንድ እርምጃ ወጥቶ የትም ያልደረሰ ረጅም መልስ።

ያቺው የፊተኛው ረድፍ ሴትዮ ናት የተናገረችው። እየተንቀጠቀጠች፣ ግን ተናገረች። «ወንድሜ፣ ልጅቷ እኮ መንገድ ጠፍቷት ነው። ዓሣ ነው መሰል ጊታሩ፣ ያዝሁት ባሉት ቁጥር ያሟልጫል።»

የሆነ ቦታ አንድ ሰው ፍርሃቱ በአፍንጫው ወጥቶ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ትልቅ ሳቅ አልነበረም፤ የታመቀ፣ ልቅሶ ሊሆን ምንም ያልቀረው። በሌላ ቀን ቢሆን ጤናዬ ያቺን ሴትዮ በምላሷ ገሽልጣ ሰባት ዓመት የማይሽር ቁስል ታተርፍላት ነበር። አሁን እግሯ ላይ ወድቃ ልትስማት ፈለገች።

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ በዚያ ሳቅ መሃል ተራመዱ። እጃቸውን ወደ መሣሪያው አልሰደዱም፤ በወንድማቸው ክንድ ላይ አሳረፉት። «ና ወንድሜ። ልጅቷ እስክትገኝ እህል ቅመስ።»

እንዳለው ኮረብታውን አየ፣ ጊታሩን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር የሚቆምበት አጥቶ ተንከራተተ። ከዚያ ካዝናውን ነቀለ፤ ማቀባበያውን ሳበና ውስጡ የቀረችውን ጥይት አወጣት። ጉዝጓዙ ላይ ወደቀች፤ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። አባትየው አላጎነበሱም፤ በእግራቸው ረገጧትና ወንድማቸውን አቅፈው ቆሙ።

ጤናዬ ትጫወታለች።

«በቃሽ» አለ ደርቤ። «ጤኒ። አለቀ እኮ።»

«የት ላሳርፈው?»

«የትም ጣይው።»

አልቻለችም። ጣቷ መነሻው ላይ እንዳያርፍ እየሸሸ፣ አሁንም በዚያች ስም የለሽ ድምፅ ዙሪያ ይዞር ነበር። ደርቤ ከኪቦርዱ ተነስቶ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄዶ፣ ገመዱን ነቀለው። ጤናዬ ድምፅ በሌለው ጊታር ላይ ትንሽ ተጫወተች። ከዚያ ተቀመጠች፤ ወንበር ይኑር አይኑር ሳታይ። ነበረ።

መሣሪያው ወደ ጓዳ ገባ። ሴቶቹ ወጥ እንደገና አዞሩ። የሚበላ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ቆይቶ እንዳለው ባዶ እጁን መጣና አጠገቧ በርከክ አለ። ወደኋላ ሸሸች፤ መሸሿን አየ።

«ለልደቱ የነበረችውን» አለ ቀስ ብሎ። «ያቺን ብቻ። ሳልነሳ አዳምጣታለሁ።»

ጤናዬ በሕይወቷ «አልጫወትም» ብላ አታውቅም፤ «አልችልም» ማለትማ ስድብ ነበር። «እጄ አልታዘዝ አለኝ ጋሼ» አለች። «ፈርቻለሁ። እርስዎን ነው የፈራሁ።»

እንዳለው ቀና ብሎ ሊመልስላት ሲል ከዳሱ ጥግ፣ ሙሽራ ማጀቢያው ሰዓት ደረሰ ብላ አንዲት ልጃገረድ ከበሮውን አንስታ መታችው። ዱም።

ጥይት መስሎት ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደቀ። ሳህን ተገለበጠ፣ ሽማግሌዎች በግንባራቸው ተደፉ፣ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጃቸው ላይ ተኙ። ጤናዬ ጊታሯ ላይ ተደፍታ ነበር፤ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ፣ ጉዝጓዙ ላይ፣ ሁለት እጁን በራሱ ላይ ደራርቦ የተኛውን እንዳለውን አየችው።

ልጃገረዷ ከበሮውን አቅፋ ደርቃ ቀርታለች። ማንም አልተናገራት። ከኮረብታው የሚመጣ ነገር ይኖር እንደሆን ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር።